በሙት አፍ የተናገርሁ ዕለት

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ልጅ ነበርሁ ብዬ የማመልጥበት ዕድሜ አይደለም። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሰው ጨርቁን ሳይለካ ጥሎልኝ የሚሄድ፣ የታመንሁ ሴት ነበርሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነቡ ዕድሜዬን እየቀነሳችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ይዘውት ከሚመጡት መጽሐፍና ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። ጨዋታ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ የተወለደ ነው። ሰው ሰብስቤ ሳወራ የባለታሪኩን ድምፅ፣ አረማመዱን፣ ሳሉን ሳይቀር አመጣዋለሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ «እስቲ እሷን ጥሯት፤ ሐዘንተኛውን ታጫውት» ይባላል። በዚህ እኮራ ነበር። እኮራ ነበር ብዬ ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበርና ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉኝ። ቤታቸው ከቡሬ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ይላል። አራት ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ሊበን ከተማ ገብቶ ይነግዳል፤ አንዷ ሴት ባሕር ዳር ናት፤ ሌላዋ ቆጋ፣ መስኖው አጠገብ አግብታ ሽንኩርትና ድንች ታለማለች። የመጨረሻው ወንድ ልጅ ከእናቱ ሳይለይ ያርስ ነበር። እሱን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። «እህቴ» ነው የሚለኝ። በንግግሩ ሁሉ መሀል «አፈር ስሆን» ማለት ይወዳል። ውኃ ስጡኝ ሲል «አፈር ስሆን»፣ ሲቆጣም «አፈር ስሆን»፣ ሲቀልድም እንደዚያው። ጓደኞቹ በዚሁ ይተርቡታል።

ያን ዓመት መስቀል እንዳለፈ ወደ መተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። ያገራችን ጎረምሳ ብዙው እንዲሁ ያደርጋል፤ የራሱ ጤፍ እስኪደርስ ቆላ ወርዶ ሠርቶ፣ ለአጨዳው ይመለሳል። እሱ ግን ወባ ያዘውና እዚያው ቀረ። አብረውት የነበሩ የቀን ሠራተኞች እዚያው ቀበሩት። ሐሙስ ዕለት አንደኛው ለአጎቴ፣ ማለት ለአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ ደውሎ ነገራቸው።

በኛ አገር መርዶ እንዲህ በስልክ ተነግሮ አያበቃም። እናት የልጇን ሞት ገበያ መሀል ወይም ውኃ ስትቀዳ፣ ብቻዋን ሆና አትሰማም። ዘመድ ይሰበሰባል። የንስሐ አባቷ ይጠራሉ። ድንኳን ይተከላል። እህል መቅመሷ ይጠየቃል። ከዚያ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ይገቡባታል። ስትወድቅ የሚደግፋት፣ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ የሚያስርላት፣ ፊቷን እንዳትቧጭር እጇን የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አገሩ ሁሉ እያወቀ እሷ ብቻ አታውቅም። ሰው ሁሉ «እንዴት ዋሉ? ልጆች ደኅና?» ይላታል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከወፍጮ ቤት ተመልሼ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ እንዳልሁ አጎቴ ደወሉ።

«አንች ልጅ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ፣ አያ። ልጆቹ ካባታቸው ጋር ደምበጫ ናቸው።»

«ተቀምጠሻል?»

ተቀምጫለሁ አልሁ። ነገሩኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት «ዋ! እንዳትጮሂ!» አሉኝ። «ጎረቤት ከሰማ ቡሬ ይሰማል።» የምሰፋውን ጨርቅ አፌ ውስጥ ጎሰርሁት። የሰው ቀሚስ ነበር፤ አበላሸሁት።

«ጨረስሽ?» አሉ ቆይተው። ድምፃቸው ራሱ ደኅና አልነበረም። «አሁን ሥራ አለብሽ። እናቱን ወዳንች ልኬያታለሁ። ከግሽ ዓባይም ከሊበንም ዘመድ መግባት ጀምሯል፤ እሷ ቤት ካለች ድንኳን አይተከልም። ዛሬን እዚያው አሳድሪያት። ነገ ማለዳ ከቄሱ ጋር እንመጣለን።»

«ምን ብለው ላኩልኝ?»

«ታማለች ብያት።»

«ማን ታመመ?»

«አንች ነሻ!»

«ምኔን?»

«እኔ ምን አውቄ። አንዱን ያዥ። ራስሽን ይመምሽ።» ቀጥለውም «እህል እንድትበላ አድርጊ። ደግሞ ፊቷ እንዳታለቅሽ። አጫውቻት። ላንች ደግሞ ጨዋታ ማን ያስተምርሻል» አሉ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አክስቴ ደረሱ። ራሴን በሻሽ ጠፍሬ አስሬ አልጋ ላይ ነበርሁ። በአንድ እጃቸው ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በሌላው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል። አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም።

«የታለች? የታለች ልጄ?» እያሉ ገብተው ግንባሬን ዳሰሱ። «ትኩሳት እንኳ የለሽም።»

«ወደ ውስጥ ነው፣ እቴቴ።»

«የውስጥ ደግሞ ይብሳል። ዓይንሽ እንዴት እንዳበጠ! ኸረ እኔን! ኸረ በኔ ያርገው!»

ዓይኔ ያበጠው ስለ ልጃቸው አልቅሼ ነው። ጠበሉን ረጩኝ፤ አጠጡኝ። ተንበርክከው አባታችን ሆይ ደገሙልኝ። እኔ ተኝቼ ጣሪያውን አያለሁ።

በዚህ መሀል ጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። ስለ ሞቱ አታውቅም።

«ምን ሆነሽ ነው አንች? ጠዋት ጤፍ ተሸክመሽ ስትሮጪ አላየሁሽም?»

«ከዚያ በኋላ ነው የያዘኝ።»

«እትዬ፣ አይጨነቁ» አለች ወደ አክስቴ ዞራ። «ይኸን በሽታ አውቀዋለሁ። እኔንም ይይዘኛል። ባሌ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ውሎ የገባ ለት ያመኛል፤ ሲወጣ ይለቀኛል።»

አክስቴ ሳቁ። ጥርሳቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ያኔ «በሳቅ ላቆያቸው እችላለሁ» ብዬ አሰብሁ። ያ ሐሳብ ነው ያጠፋኝ።

ጎረቤቴ እንደሄደች አክስቴ ሻሼን ፈትተው ራሴን በቅቤ ማሸት ጀመሩ። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ቅቤው ሲገባበት ደግሞ እንዴት እንደሚለሰልስ ልነግራችሁ አልችልም። በልጅነቴ ያሹኝ እንደነበረው ነው፤ ከጆሮዬ ጀርባ ጀምረው ወደ ማጅራቴ። እያሹኝ ያወራሉ። ስለ ቀዩ በሬ ያወራሉ።

«ገለባ አነሰን። ቀዩን በሬ ቡሬ ወስጄ ልሽጠው ወይ እላለሁ። ልጄ ደግሞ እሱን በሬ ይወደዋል፤ ሳልጠይቀው ብሸጠው ይቀየመኛል። ወንድሜን ደውልልኝ ብለው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ኔትወርክ የለም ይለኛል። ይህ ኔትወርክ የምትሉት ምንድን ነው? ሰው ነው? ሁልጊዜ የትም የለም!»

ለመሳቅ ሞከርሁ።

«ስልክ አለሽ አይደል? እስቲ አንች ደውይልኝ።»

«እቴቴ፣ አሁን እኔም ጋ ኔትወርክ የለም።»

«ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የቆመው ሰውዬ ሲያወራበት አይቼ ነው የገባሁ። ሞክሪ እንጂ።»

ስልኩን አነሣሁ። ቁጥሩን ነካሁት። ጠፍቷል የሚለው የሴትዮዋ ድምፅ መጣ፤ አክስቴ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።

«ምን ትላለች?»

«ጠፍቷል ትላለች።»

«ደግመሽ ሞክሪ።»

ደገምሁ። ሦስተኛም ሞከርሁ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲጠቁር አየሁ። እጃቸው ራሴ ላይ ቆመ። «ሦስት ቀን ሙሉ?» አሉ፣ ለራሳቸው። አሁን ሊያውቁ ነው ብዬ ፈራሁ። እዚህ አልጋዬ አጠገብ ቢወድቁ የሚይዛቸው ማን አለ? እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ? ድንኳኑ አልተተከለ፣ ቄሱ የሉ። በዚያች ሰዓት «አላውቅም» ማለት ብቻ በቂ ነበር። ዝም ማለትም ይበቃ ነበር። አፌ ግን ዝም ማለት አያውቅም።

«ውይ፣ እቴቴ፣ ረስቼው! ረቡዕ ደውሎልኝ ነበር እኮ!»

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ ባትሪ መሙያ ሩቅ ነው ብሎኛል። አይ ይኸ ራስ ምታት፣ ሁሉን አስረሳኝ።»

እጃቸው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ፊታቸው በራ። «ምን አለ? ደኅና ነው? ስለ በሬውስ አንሥቶልሻል?»

ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ትከሻዬን ልክ እንደ እሱ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጌ፣ ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ «‹እህቴ፣ አፈር ስሆን፣ ቀዩን በሬ እንዳትሸጡብኝ በያት። መጥቼ ራሴ እጠምደዋለሁ› ብሏል» አልሁ።

አክስቴ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እሱ ነው! እሱን ራሱን! አፈር ስሆን አለሽ? ወይ የኔ ልጅ!»

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ስድስት ዓመቱ ላይ ፍልሰታን ልጹም ብሎ የጥጃውን ገመድ ላሚቱ ከማትደርስበት አስሮ፣ «እሱም ክርስቲያን ነው፤ ወተት አይፈቀድለትም» ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆየበትን ቀን አነሣሁ። ጥጃው ሲጮህ ሆንሁ፤ እሱ ጥጃውን ሲገሥጽ ሆንሁ፤ ላሚቱንም ሆንሁ። አክስቴ በቅቤ የጨቀየ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው እንዳይነካቸው እየተጠነቀቁ «ተይኝ፣ አንች ልጅ፣ ሆዴን አመመኝ፣ ተይኝ!» እስኪሉ ሳቁ። እንባቸው ወረደ። ራት አቀረብሁ፤ በደንብ በሉ። «ድነሻል ማለት ነው፤ የጠበሉ ኃይል!» ብለው አጠገቤ ተኙ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ነቅተው ጸሎት ላይ ነበሩ። ራሳቸው ከፈቱ። ደጁ ላይ ወንድማቸው ቆመዋል። ከኋላቸው ቄሱ፣ ከቄሱ ኋላ አምስት ስድስት ሴቶች፣ ነጠላቸውን የሐዘን አለባበስ ለብሰው። አክስቴ አንድ ጊዜ አዩአቸው። ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው አይደሉም፤ ስንቱን ቤት ራሳቸው እንዲህ ገብተው አርድተዋል።

«ማንኛው ነው?» አሉ።

አጎቴ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«የሊበኑ ነው?»

አጎቴ አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የባሕር ዳሯ ናት? ቆጋ ያለችው ናት? ወልዳ ነው?»

ሦስቱን ጠሩና አቆሙ። አራተኛውን አልጠሩም። እሱን አልፈሩለትም፤ ረቡዕ ደውሏላ! ለሌሎቹ ሦስቱ እየራዱ፣ ለሞተው ብቻ ልባቸው ያረፈ ሆኖ ቆሙ። ያን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«ለሰሊጥ የወረደው ነው፣ እህቴ» አሉ አጎቴ። «እግዜር ያጥናሽ።»

«እሱማ ደውሏል» አሉ አክስቴ። ዞረው አዩኝ። «እሱማ ረቡዕ ለእሷ ደውሏል።»

አጎቴም አዩኝ። ልጁ የሞተው ሰኞ እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ሴቶቹ ደገፏቸው፣ ወገባቸውን አሰሩላቸው፣ እጃቸውን ያዙ። ሥርዓቱ ያለውን ሁሉ አደረገ። አንዲትም ነገር አልጎደለችም።

የተከራየነው ሚኒባስ ቡሬ እስኪደርስ አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ከጩኸቱ በታች «ምን ብለሻት ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «አጫውቻት አልሁሽ እንጂ...» ብለው ተዉት። ከዚያ «አሁን ዝም በይ። የሞተው ሐሙስ ነው እንላለን። ከለቅሶው በኋላ ይታያል» አሉ። እንዲህ ሆኖ የኔ ውሸት የቤተ ዘመዱ ሁሉ ውሸት ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሽማግሎች በሙሉ፣ በሕይወታቸው ሐሰት የማይወጣቸው ሰዎች፣ ስለ እኔ ሲሉ «ሐሙስ ነው ያረፈ» እያሉ መሰከሩ።

ድንኳኑ ውስጥ አክስቴ ቆመው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። የሚያወርዱት ሙሾ ይህ ነበር፦

አትሽጡብኝ ብሎ ስለ በሬው ነግሮ፣
ምነው ሳይጠምድ ቀረ ገበሬው ዘንድሮ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አገሩ ተቀበላቸው። የልጁን የመጨረሻ ቃል ብለው፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የፈጠርሁትን ቃል ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሱበት። እኔም ከዳር ሆኜ ተቀበልሁ። ምን ላድርግ? ዝም ብል «ይህች ልጅ ለወንድሟ አታለቅስም?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እዚያም ላይ እንኳ የፈራሁት የሰው ወሬ ነበር።

ለቅሶው እንዳበቃ ለአርባው ተዝካር ምን ይታረድ የሚል ምክር ተያዘ። አጎቴ ቀዩን በሬ አነሡ። በሬው ገለባ ይጨርሳል፤ የሚጠምደውም የለም።

«አይሆንም» አሉ አክስቴ። «ኑዛዜ ነው።»

«እህቴ፣ የሚበላውስ?»

«እኔ እየተራብሁ አበላዋለሁ። የሙት ቃል አይሰበርም። እሷ አለች፣ በጆሮዋ ሰምታለች» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

የተቀመጡት ሁሉ አዩኝ። ብዙዎቹ እውነቱን ያውቃሉ። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁና ያለቀስሁ መሰልሁ። «በቃ፣ የሙት ቃል ከሆነ...» ብለው ሽማግሎቹ ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ማልደው ወጥተው ከየሰው ማሳ ዳር ሣር ሲያጭዱ ይውሉ ጀመር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ስፌቴን እሰፋ ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ እነግራቸዋለሁ» እል ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ አልሁ።

የነገራቸው ሌላ ሰው ነው። አብሮት ያጭድ የነበረ ጓደኛው፣ ባለ ልጆች ሰው፣ የሟቹን ብርድ ልብስና ማጭድ ይዞ መጣ። እኔም ለአርባው ዝግጅት ለመርዳት ሄጄ ጌሾ እየለቀምሁ ነበር፤ አጎቴ፣ ቄሱና ሽማግሎቹም እዚያው ነበሩ። አክስቴ ብርድ ልብሱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳሰሱት። ከዚያ እንደ ዋዛ ጠየቁት።

«ረቡዕ ለእህቱ ሲደውልላት አጠገቡ ነበርህ?»

«የትኛው ረቡዕ፣ እትዬ?»

«ሐሙስ ሊያርፍ ረቡዕ።»

አጎቴ ሳሉ። ሰውየው አልገባውም፤ ቅን ሰው ነው። «እትዬ፣ ሰኞ ነው እኮ ያረፈው። እኔው ነኝ ጉድጓድ የቆፈርሁ። ከዚያ በፊትም ሁለት ቀን አፉ አልተፈታ። ስልኩማ ገና ሳይታመም ጠፍቶበታል።»

ጌሾው እጄ ላይ ቀረ። አክስቴ ቀና አሉ። መጀመሪያ ወንድማቸውን አዩ፤ ከዚያ ቄሱን፤ ከዚያ አንድ በአንድ በቤቱ ያለውን ሰው። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አሉ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ደረሱ።

«በሬውስ?»

«እኔ ነኝ ያልሁት፣ እቴቴ።»

«አፈር ስሆን ያለውስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

«አሳምረሽ አመጣሽው» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ገልበጥ አድርገው አይተው «ጥሩ ሰፍተሽዋል» እንደሚሉኝ ዓይነት ነው የተናገሩት። ቢመቱኝ በወደድሁ።

ትልቅ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሽማግሎቹም ቆመው ለመኑልኝ። «ይቅር ብያለሁ፤ እግዜር ይፍታሽ» አሉ፣ ድንጋዩንም በእጃቸው አወረዱልኝ። ወጉ ሁሉ ደረሰ። ሲያነሡኝ ግን ጉንጬን አልሳሙኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይስሙኝ አልፈውኝ አያውቁም ነበር።

አሁን አንዳንድ የኔ እኩያ ሴቶች «ይኸ መርዶ የሚሉት ነገር ይቅር፤ ዘመኑ የስልክ ነው» ይላሉ። እኔ እንዲህ ለማለት አፍ የለኝም። የልጇን ሞት ገበያ መሀል ከስልክ ሰምታ በርበሬዋ ላይ የወደቀች፣ የሚያነሣት ያጣች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ። የሻማ ሥዕል ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ እናት ከሰው ኋላ የምትሰማበትንም አይቻለሁ። ወጉ ከኔ የፈለገው የአንድ ቀን ዝምታ ነበር። ለአንድ ቀን አፌን ዘግቼ፣ ራሴን አስሬ፣ ታምሜ መተኛት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። ስለ አክስቴ አዘንሁ ብዬ ነው ያደረግሁት እላለሁ፤ ግን ያን ጊዜ እጃቸውን ሲያጨበጭቡ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ደስታዬን አስታውሰዋለሁ። ከሁሉ የማፍረው በእሱ ነው። ዛሬም ለቅሶ ቤት «አጫውቺ» ሲሉኝ ጉሮሮዬን አመመኝ እላለሁ።

ቀዩ በሬ ለአርባው ታረደ። አክስቴ ምንም አላሉም።

በወሩ አክስቴ ብቻቸውን በእግራቸው ቡሬ ሄደው ስልክ ገዙ፤ ይቺን ባለ ቁልፍ ትንሿን። ማንበብ ስለማይችሉ ሻጩን ሦስት ቁጥር እንዲያስገባላቸው ለመኑት። አንድን ሲጫኑ ሊበን ይጠራል፤ ሁለት ባሕር ዳር፤ ሦስት ቆጋ። የኔን ቁጥር አላስገቡም፤ የወንድማቸውንም። በየማለዳው እህል ሳይቀምሱ ለሦስቱም ይደውላሉ፤ ድምፃቸውን ይሰማሉ፤ «በቃ» ብለው ይዘጋሉ።

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ቆጋ ያለችው ልጃቸው ስልኳን አላነሣችም። አክስቴ ማንንም አልጠየቁም። ነጠላቸውን ደርበው ቡሬ ወረዱ፤ መኪና ተሳፍረው መራዊ ገቡ፤ ከመራዊ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄዱ። ልጅቱ ማሳዋ ላይ ሽንኩርት ውኃ ስታጠጣ አገኟት፤ ስልኳን ጎረቤት ቤት ቻርጅ አድርጋ ረስታው ነው። ቦዩን ተሻግረው ክንዷን ያዙ፤ ፊቷን አዩ፤ ውኃ ጠጡ። ከዚያ እደሩ ብትላቸውም እሺ ሳይሉ በመጣው መኪና ተመለሱ።